መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ልጆቻችን ምን ይሆናሉ? የጎንደር ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

ጎንደር ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የልጅ ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በተለምዶ ወተመህ የምንለው፣ አባል ነኝ። በስብሰባ፣ በዕድር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዘምቢል ይዤ ሳልፍ እንኳ ወላጆች የሚጠይቁኝ ያው አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። በሁለቱም ወገን ቆሜ አይቻለሁና መምህሩንም ወላጁንም አልሸነግልም።

ትምህርት የቆመው በአድማ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ልጅዎ ጠዋት ወጥቶ በሦስት ሰዓት ደብተሩን ይዞ ከተመለሰ «መምህራን አድመዋል» ብለው ከመደምደምዎ በፊት ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ የሚነግርዎ የሰማውን ነው። ትምህርት የሚቋረጥበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዴ መምህራን ጥያቄያቸውን አሳውቀው ክፍል አንገባም ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጠዋት ይፈርማሉ፣ ግቢ ውስጥ ይውላሉ፣ ግን አያስተምሩም። እኔ በማስተምርበት ዘመን በብዛት ያየሁት ይህንን ሁለተኛውን ነው። ለልጁ የሚከፋውም እሱ ነው፤ በወረቀት ላይ ቀኑ እንደ ተማረ ይቆጠርበታልና በኋላ «ይካካስልን» ለማለት መረጃ ይጠፋል።

ከዚህ የተለየው የጸጥታ ጉዳይ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መንገድ ተዘግቶ ወይም ተኩስ ተሰምቶ ትምህርት ሲቋረጥ መምህሩን መውቀስ ግፍ ነው። እሱም እንደርስዎ ቤቱ ተቀምጦ ስልክ የሚጠብቅ ሰው ነው። ምክንያቱን ለይተው ካላወቁ አቤቱታዎን ወደማይመለከተው ሰው ይወስዱታል።

የመንግሥት መምህር ሥራ የማቆም መብት አለው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀትና ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጨምራል። ነገር ግን የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ «በሕግ ይወሰናል» ይላል፤ ችግሩ ያለው እዚያች ሐረግ ላይ ነው።

የሥራ ማቆምን ሥርዓት በዝርዝር ያስቀመጠው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእርምጃው 10 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ውሳኔውም ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በድምፅ ብልጫ እንዲያልፍ ያዛል። ይህ አዋጅ ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን አይሸፍንም። በእሱ ጥላ ሥር ያለው የግል ትምህርት ቤት መምህር ነው። የመንግሥቱ መምህር የሚተዳደርበት የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ደግሞ ሥራን ማወክንና ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ መቅረትን በከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ይመለከታል። በወንጀል ሕጉም ሕገ ወጥ የሥራ ማቆምን የሚመለከት ድንጋጌ አለ። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ያጸደቀችው ገና በ1955 ዓ.ም. ነበር፤ ሆኖም በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው መብት ወደ መምህሩ የሚወርድበት መሰላል ዛሬም ጎድሏል።

ስለዚህ አንድ መምህር ክፍል አልገባም ሲል ደመወዙን፣ ዕድገቱን፣ አንዳንዴም ነፃነቱን አስይዞ ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለአድማ ለመቀስቀስ አይደለም። «ሰንፎ ነው እንጂ ምን ቸግሮት» የሚለው ንግግር ምን ያህል ከእውነት የራቀ እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ለምን እዚህ ይደርሳል? ደመወዝ ተጨምሮ የለም ወይ?

ተጨምሯል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል ተገልጿል። የምሥራች ነበር፤ አልክድም። ግን ከዚያ በፊት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይቱ፣ የጤፉና የቤት ኪራዩ ዋጋ የት እንደደረሰ እርስዎም ያውቃሉ። ጭማሪው ሲወራ ገና፣ ደመወዙ ኪስ ሳይገባ፣ አከራዩ ቀድሞ ይሰማል።

ከመጠኑ ይልቅ መምህሩን የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው፤ በጊዜው አለመከፈሉ። ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉ በቀመር ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል፤ እነሱ የራሳቸውን ገቢ ጨምረው ደመወዝ ይከፍላሉ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ከመንግሥት ሠራተኛው በቁጥር የሚበዛው መምህሩ ነው። ገቢ ሲቀንስ፣ ንግድ ሲቀዘቅዝ፣ መንገድ ሲዘጋ ጉድለቱ ቀድሞ የሚታየው በመምህሩ ደመወዝ ላይ ነው። በዚያ ላይ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ደርሶት ክፍያው ያልደረሰው አለ። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ባሉት እርከኖች ወጣ ይባላል፤ ውዝፉ ግን «በጀት ሲፈቀድ» እየተባለ ይከርማል። ፈቃዱ ሳይጠየቅ ከደመወዙ የሚቆረጥ መዋጮም ሌላው ቁስል ነው።

አንድ ባልደረባዬን አልረሳውም። የሒሳብ መምህር ነበር። ደመወዝ በዘገየበት ወር በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል አይወጣም ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ዱቤ ስላለበት ባለሱቁ እንዳያየው ነው። ሲወጣ በኋላ በር ዞሮ ነው። ደወል ሲደወል ግን ጠመኔውን አንሥቶ ይገባና ክፍልፋይ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ምንም አላወቁም። አድማ የሚባለው ነገር በሰልፍና በመፈክር ከመታየቱ በፊት እንዲህ ባለ የኋላ በር ለወራት ሲያልፍ ይቆያል፤ እኛ ወላጆች የምናየው መጨረሻውን ብቻ ነው።

ሁለት ሳምንት ቢቀር ልጄ ምን ይጎድልበታል? ቆይቶ ይደርስበት የለም?

እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ ብዙ ወላጅ ደግሞ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለ12ኛ ክፍሉ ልጅ ይጨነቃል፣ የ1ኛ ክፍሏን ልጅ «ትጫወት» ብሎ ይተዋታል።

የ1ኛ ክፍል ልጅ ፊደል እየለየች ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ቤት ሲረቡ 231 ቅርጽ ናቸው። ይህ በየቀኑ በመደጋገም የሚያዝ ነገር ነው። በአስር ቀን ውስጥ አዲስ የሚለዩት ፊደላት ብቻ አይደሉም የሚቀሩት፤ የተለዩትም ይደበዝዛሉ። «ሰ» እና «ለ» ለይታ የነበረች ልጅ ከተመለሰች በኋላ ስትደናበር በገዛ ክፍሌ አይቻለሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቀረበላቸው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በደህናው ቀን እንዲህ ከሆነ፣ የሚቆረጥ ቀን ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ማሰብ አይከብድም።

የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጅ በሒሳብ ይጎዳል። ማባዛት ያልገባው ማካፈል አይገባውም፤ ማካፈል ያልገባው ክፍልፋይ ላይ ይወድቃል። መምህሩ ሲመለስ ምዕራፉን ለመጨረስ ይሮጣል፣ ልጁ ከኋላ ይቀራል፤ ማንም ሳያውቅ።

ከውጭ አገር አንድ ነገር ልጥቀስ። አርጀንቲና መምህራን በተደጋጋሚ ሥራ ያቆሙባት አገር ናት። ተመራማሪዎች እዚያ ያደጉ ልጆችን ሲከታተሉ በአንደኛ ደረጃ ዘመናቸው በአማካይ 88 ያህል የትምህርት ቀን በአድማ ያጡ ሰዎች በ30ዎቹ ዕድሜያቸው የሚያገኙት ገቢ በወንዶች 3.2 በመቶ፣ በሴቶች 1.9 በመቶ አንሶ አግኝተውታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በዕድሜ ልክ የሚቆረጥ ደመወዝ ነው። በዚያው አገር እናቶች ልጅ ለመጠበቅ ሲሉ ከሥራ ገበታ እንደሚቀሩም ታይቷል። ይህኛውን ለማወቅ አርጀንቲና መሄድ አያስፈልግም፤ ማራኪ ወይም አዘዞ ውስጥ ጉልት የምትቸረችር እናት ይጠይቁ።

የትኛው ልጅ ነው ይበልጥ የሚጎዳው?

ቤት ውስጥ የሚያስጠና ሰው የሌለው። የተማረ ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ የሚቀጥር አባት ያለው ልጅ ሁለት ሳምንቱን እንደምንም ያልፈዋል። ከሌላው ጋር ያለው ርቀት ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ይሰፋል።

ሴት ልጆች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ጎንደር ውስጥ ውኃ በተራ መሆኑን ለጎንደር ሰው አልነግርም። ትምህርት ሲዘጋ ጄሪካኑ የሚሰጠው ለወንዱ ሳይሆን ለእሷ ነው። ወረፋ ትውላለች፤ ስትመለስ ታናናሾቿን ትይዛለች። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ቤቱ እጇን ለምዶታል፤ «ዛሬን ብቻ ቅሪ» ይባላል። ወንዱ ልጅ ፒያሳ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ይቀመጣል፣ ወይም ከባጃጅ ጋር ይውላል። በቀን መቶ ብር የቀመሰ የ14 ዓመት ልጅን ወደ ክፍል መመለስ ከባድ ነው፤ ሞክሬ የተሳካልኝም፣ ያልተሳካልኝም አለ።

ልጄ ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ወደ ቤቷ ትመለስ?

ይህን ጥያቄ ከደንቢያ፣ ከማክሰኚት፣ ከጠዳ ዙሪያ የሚመጡ ወላጆች ይጠይቁኛል፤ ስለነዚህ ልጆች ግን ማንም አያወራም። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ወላጅ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይልካል፦ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከተገኘም ትንሽ ቅቤ። አድማ ሲመጣ ኪራዩ አይቆምም። ስንቁ ያልቃል። ልጆቹ ያለ ተቆጣጣሪ ከተማ ውስጥ ይውላሉ።

መልሴ ይህ ነው። ከሦስት ቀን በላይ ትምህርት ካልኖረ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ መጽሐፎቿንና ደብተሮቿን ይዛ ትመለስ። ስትሄድ ግን ትምህርት መጀመሩን በስልክ የሚነግራት አንድ የክፍል ጓደኛና የክፍል ኃላፊ መምህሯ ስልክ ይኑራት። ብዙ ልጆች የሚቀሩት አድማው ስላላለቀ ሳይሆን ማለቁን ስላልሰሙ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ትምህርት ከተጀመረ ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ተመለሰች፤ አባቷ «ይከፈታል ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ» ብሎ ነው ያመጣት። አከራዮችንም ማነጋገር ያዋጣል። ወላጅ ራሱ መጥቶ ሲለምን የኪራዩን ግማሽ የተዉ አከራዮች አውቃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። ፈተናው ይራዘምለታል?

አይጠብቁ። አገር አቀፉ ፈተና በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በአንድ ከተማ ምክንያት አይንቀሳቀስም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ጀምሯል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። በዚህ ፈተና ላይ ያልተማረ ምዕራፍ ይዞ መቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ልጁም ያውቀዋል። የተማሪ መጽሐፉን በምዕራፍ ተከፋፍለው ከጓደኞቹ ጋር ያንብቡ፤ አንዱ ያነበበውን ለሌሎቹ ያስረዳ። ላይብረሪው በአድማ ጊዜም እንዲከፈት ወተመህ ይጠይቅ። እኛ ጠይቀን ተከፍቶልናል።

ቅዳሜና እሑድ በሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት ይመለሳል?

በከፊል። ማካካሻው እውነተኛ ከሆነ። እውነተኛ ያልሆነውን እንዴት እንደሚለዩት ልንገርዎ፦ የልጅዎን ደብተር ይክፈቱ። ጥሩ መምህር በየቀኑ ቀን ያስጽፋል። ቅዳሜ ሦስት ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ የሚል ልጅ ደብተሩ ላይ የቅዳሜው ቀን ከሌለ፣ ወይም ቀኑ ኖሮ ሁለት መስመር ብቻ ከሆነ፣ የተካካሰው የስም መጥሪያው መዝገብ ነው እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ደብተሩን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሂዱ፤ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል፣ መምህሩ ለማካካሻው ካልተከፈለው ሌላ ቅሬታ ነው የሚፈጠረው። ማካካሻ ሲታቀድ ወላጆች መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው ይህንን ነው።

የግል ትምህርት ቤት ከሆነስ፣ ወርኃዊ ክፍያ ልክፈል?

ከትምህርት ቤቱ ጋር የተፈራረሙትን ይመልከቱ። ቀኑ የሚካካስ ከሆነ ይክፈሉ፤ ካልሆነ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ተናድጃለሁ። ቅሬታዬን ለማን ላቅርብ?

ለክፍል መምህሩ አይደለም። ደመወዙን ያዘገየው እሱ አይደለም። ልጁ ፊትም ስለ መምህሩ ክፉ አይናገሩ፤ ነገ የሚያስተምረው እሱ ነው።

መንገዱ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩና ወተመህ፤ ከዚያ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፤ ከዚያ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የከተማው ትምህርት መምሪያ፤ ካልተፈታ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ። ደመወዝ ከሆነ ጉዳዩ የገንዘብ መሥሪያ ቤቱም ጆሮ መግባት አለበት፤ ብዙ ወላጅ ይህን ይዘለዋል። አቤቱታው ሦስት ነገር ብቻ ይያዝ፤ ስንት ቀን ትምህርት እንደጠፋ፣ በየትኞቹ ክፍሎች፣ መቼ እንዲካካስ እንደምንጠይቅ። ቁጣ የበዛበት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ቀን የቆጠረ ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። ከሃምሳ ወላጆች ፊርማ ጋር ከሆነ ደግሞ በተሻለ።

አድማ ለውጥ አምጥቶ ያውቃል?

ያውቃል፤ በአገራችን ትልቁ ምሳሌ የ1966ቱ ነው። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም ከጥያቄዎቹ አንዱ ደመወዝ ነበር፤ ሌላው ግን ሴክተር ሪቪው ይባል የነበረው የትምህርት ዕቅድ እንዲቀር ነበር። ዕቅዱ የአብዛኛውን ድሃ ልጅ ትምህርት በጥቂት ዓመታት የሚገድብ ነው ተብሎ ወላጁም ተማሪውም ተቃውሞታል። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን አቆየው፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቀ። ይህን ታሪክ ለወጣት መምህራን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ነገር አክልበታለሁ። ያኔ ወላጁ ከመምህሩ ጋር የቆመው የልጁ ጉዳይ በጥያቄው ውስጥ ስለነበረ ነው። ዛሬም መምህራን ጥያቄያቸውን ሲጽፉ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ መሆኑን፣ በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ መታጨቁን ቢያስገቡበት ወላጁ ያዳምጣቸዋል።

ትምህርት በሌለበት ቀን ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? እኔ ራሴ አልተማርኩም።

አለመማርዎ አያግድዎትም። ልጅዎ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ይነሣ፣ ፊቱን ይታጠብ፣ ከቁርስ በኋላ ለአንድ ሰዓት ደብተር ይዞ ይቀመጥ። ያነበበውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልዎ፤ የሚያነበውን ባያውቁትም ሲንተባተብ ይሰማዎታል። «ድገመው» ይበሉት። ለትንንሾቹ ፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ለሒሳብ ገበያ ይዘውት ይሂዱ፤ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በዚህ ዋጋ ከሆነ ሦስት ተኩሉ ስንት ነው? መልሱን ባለሱቁ ራሱ ያርመዋል። ውኃ መቅዳቱንና ታናናሾችን መያዙን ደግሞ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ያካፍሉ፤ የእሷ አንድ ሰዓት እንዳይነካ።

ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያው ቀን ራስዎ ይውሰዱት፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው። መምህሩን እጅ ነሥተው ሰላም ይበሉ፣ «እንኳን ተመለሱልን» ይበሉ። ከዚያ ማታ ደብተሩን ይክፈቱና ከመቋረጡ በፊት የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ይፈልጉ። በእርሳስ አስምሩበት። ከዚያች መስመር እስከ ዛሬው ቀን ያለው ባዶ የልጅዎ ዕዳ ሳይሆን ሊመለስለት የሚገባው ነው፤ በሚቀጥለው የወተመህ ስብሰባ ደብተሩን ይዘው ይምጡ፣ እኔም የልጅ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።